ክረምት ሳይገባ ሴፕቲክ ታንኩን ምን ላድርገው? (ድሬዳዋ)

ጥያቄ፦ እናት ከሳቢያን

ሰላም ለሁላችሁ። ግቢያችን ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል የብሎኬት ሴፕቲክ ታንክ (የሽንት ቤትና የሻወር ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ) አለ። ትርፉ ውኃ ጎኑ ወዳለው ማስረጊያ ጉድጓድ ይገባል። ቤቱ ከተሠራ 7 ዓመቱ ነው፤ አንድም ቀን ተመጥጦ አያውቅም። በጋውን ሰላም ነው። ባለፈው ነሐሴ ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር ሽንት ቤቱ ውኃ ስንለቅበት እየተንዶቀዶቀ ይመለስ ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት በሻወር ቤቱ ወለል ማፍሰሻ ጥቁር ውኃ ወጣ። ትንሿ ልጄ በባዶ እግሯ ቆማበት አገኘኋት፤ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

አሁን ግንቦት ነው። ላስመጥጠው? መቼ? ኢንተርኔት ላይ ደግሞ «ለክረምት ጭድ አልብሱት» የሚል አንብቤያለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ የድሬ ልጅ ከሚኒሶታ (አሜሪካ)

እህቴ፣ የጭዱ ምክር ለእኛ ሰፈር ነው። እዚህ ክረምት ማለት ውርጭ ነው። መሬቱ ድንጋይ ይሆናል፤ ቱቦ ውስጥ ያለው ውኃ ይረጋል። ለዚያ ነው ከታንኩ ላይ ጭድ የሚያለብሱት፣ ሣሩንም ሳያጭዱ የሚተዉት። ድሬ መሬት በረዶ አይሆንም፤ ተዪው። ከዚህኛው የሚጠቅምሽ አንድ ነገር ነው፦ በታንኩም በማስረጊያውም ላይ መኪና አይሂድ። እርጥብ መሬት ላይ ቱቦ ይሰበራል።

መልስ፦ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ከዚራ

እንደ ነገርሽን ከሆነ ችግሩ ሁለት ነው። 7 ዓመት ሙሉ ዝቃጩ ታንኩ ሥር ተከምሯል። ቦታ ሲያጣ ከውኃው ጋር ወደ ማስረጊያው እየወጣ አፈሩን ይደፍነዋል። በጋ ላይ እንደምንም ይሰርጋል። ዝናብ ሲመጣ አፈሩ ራሱ ውኃ ስለሚጠጣ ያንቺን አይቀበልም። ፍሳሹ ወደ ኋላ ይመለስና ዝቅ ባለው ማፍሰሻ ይወጣል፤ ሻወር ቤቱ ማለት ነው።

መጀመሪያ ለኪው። ረጅም ዱላ አምጪና ጫፉን በነጭ አሮጌ ጨርቅ ጠቅልይው። እስከ ታች አስገብተሽ ጥቂት ደቂቃ ያዢውና ቀስ ብለሽ አውጪው። ጥቁር ሆኖ የቀረው የዝቃጩ ቁመት ነው። ዝቃጩና ከላይ የተንሳፈፈው ቅባት አንድ ላይ የጥልቀቱን ሲሶ ካለፉ ይመጠጥ።

ጊዜው አሁን ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማስመጠጥ ብር መጣል ነው፤ የመሬቱ ውኃ መልሶ ይሞላዋል። ሁለቱንም ክፍል ያስመጥጡልሽ። ታንኩ ክፍት እያለ መውጫው ላይ ያለው የቲ ቱቦ (በT ቅርጽ የተሠራው፣ ቅባቱ ወደ ማስረጊያው እንዳይወጣ የሚያግደው) እንዳልወደቀ በባትሪ እዩት። ሲያልቅ ንጹሕ ውኃ ሙሉበት። በተለይ የፕላስቲክ ታንክ ያላችሁ፣ ባዶውን ከተዋችሁት እርጥብ መሬት ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል።

አንድ ጥያቄ፦ የጣሪያሽ አሸንዳ የት ነው የሚፈሰው?

እናት ከሳቢያን፦

ወይኔ! ልክ ማስረጊያው አናት ላይ ነው።

ቧንቧ ሠራተኛ፣ ከዚራ፦

ግማሹ መልስ እሱ ነው። ከሁሉ አስቀድመሽ አዙሪው።

መልስ፦ የደቻቱ ሰፈር ነዋሪ

ለደቻቱ ወንዝ ቅርብ የሆናችሁ የታንኩን መክደኛ ከፍ አድርጉት። ደቻቱ እኛ ላይ ጠብ ሳይል፣ ከደጋው በወረደ ዝናብ ብቻ ሞልቶ ይመጣል። የ1998ቱን የሐምሌ መጨረሻ የጎርፍ ሌሊት ያየ ሰው ይህን አይረሳም። እኔ የመክደኛውን አፍ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል በብሎኬት አስነሥቼ ዙሪያውን በሲሚንቶ አስለሰንኩት። የአየር ማውጫውን ግን እንዳትደፍኑት፤ ወንፊት ብቻ አልብሱት። ከተማችን የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ከእኛ ጉድጓድ የሚሰርገው የት እንደሚደርስ እናስብ።

መልስ፦ ነርስ ነኝ

እባካችሁ፣ ማንም ሰው ታንኩ ውስጥ አይግባ። ባዶ ቢመስልም ውስጡ ያለው ጋዝ በደቂቃ ይጥላል። ያንን ላውጣ ብሎ የገባው ሁለተኛውም አብሮ ይሞታል። ዕቃ ቢወድቅባችሁ ይቅር። ክብሪትና ሲጋራ አይጠጋ፤ ልጆች ይራቁ። ወለሉን ስታጸጂ በረኪና ማድረጉ ጥሩ ነው፤ በጀሪካን ሽንት ቤት ውስጥ መድፋት ግን ዝቃጩን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ዳይፐር፣ ሞዴስና የዘይት ትራፊም አይግባ።

እናት ከሳቢያን (ከ10 ቀን በኋላ)፦

ለካሁት። ጥልቀቱ 1 ሜትር ከ60 ነው፤ ጥቁሩ 80 ሳንቲ ሜትር ደረሰ። ቅዳሜ መኪናው መጥቶ መጠጠው። የቲ ቱቦው ታች ወድቆ ነበር፤ ባለሙያው ከላይ ሆኖ አዲስ ገጠመ። አሸንዳውንም በቱቦ ወደ ውጭ ቦይ አዞርነው። ትናንት ማታ ጥሩ ዝናብ ጣለ። እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥቼ ሻወር ቤቱን በባትሪ አየሁት፤ ወለሉ ደረቅ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።