የሕዝብ ተቋማት የውስጥ ስልክ፦ በራሳችን እጅ ይዋቀር ወይስ ተዘጋጅቶ ይገዛ?

ጦሳ ሥር (ደሴ)፦ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ንብረታቸው የተዘረፈባቸውና የተሰባበረባቸው የወሎ መሥሪያ ቤቶች የጎደላቸውን ዕቃ ቀስ በቀስ እየተኩ ነው። የውስጥ ስልክ ማዞሪያ ተራው ሲደርስ ግን ሐሳብ ይከፈላል። የግዢ ክፍሉ በየኤክስቴንሽኑ (በየውስጥ ስልክ ቁጥሩ) የላይሰንስ ክፍያ የሚጠየቅበትን የተዘጋ (ኮዱ ለገዢው የማይገለጥ) ምርት ይመርጣል፤ የአይሲቲ ልጆች ደግሞ አስተሪስክና ፍሪፒቢኤክስ የተባሉትን ነፃ የስልክ ማዞሪያ ሶፍትዌሮች በአንድ ሰርቨር ላይ ጭነን፣ ፊቱ ላይ ኦፒኤንሴንስ ወይም ፒኤፍሴንስ የተባለ ፋየርዎል (ከውጭ የሚገባውን የሚያጣራ የኔትወርክ አጥር) አቁመን በትንሽ ወጪ እንሠራዋለን ይላሉ። ሁለቱም ወገን የሚናገረው ስለ ሕዝብ ገንዘብና ስለ ሕዝብ አገልግሎት ስለሆነ ጉዳዩን እዚህ በግልጽ ብንመረምረው መልካም ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሥራውን ዝርዝር ሳትነኩ «ይሻላል» ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦ እኔ በራሳችን እጅ ይዋቀር ከሚሉት ወገን ነኝ። አስተሪስክ ትናንት የተፈለሰፈ የሙከራ ዕቃ አይደለም። ማርክ ስፔንሰር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው ነው፤ ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነም ባለፉት ዓመታት በብዙ አገር የጥሪ ማዕከላትና ሆስፒታሎች ሲፈተን ቆይቷል። ፍሪፒቢኤክስ ደግሞ ያንኑ በድረ ገጽ ቅጾች ለማዋቀር የሚያስችል ሽፋን ነው፤ ኤክስቴንሽን መክፈት፣ የጥሪ ሰንሰለት ማበጀት፣ «ለካርድ ክፍል 1ን ይጫኑ» የሚል የድምፅ መልስ መቅረጽ የፕሮግራም ባለሙያ አይጠይቅም።

አቅምን በተመለከተ ስሌቱ ቀላል ነው። በተለመደው ጂ 711 ኮዴክ (ድምፅን ወደ ዲጂታል መረጃ የሚቀይር ዘዴ) አንድ ጥሪ የፓኬቱን መጠቅለያ ጨምሮ በየአቅጣጫው 87 ኪሎ ቢት በሰከንድ ገደማ ይወስዳል። 20 ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢነጋገሩ ሁለት ሜጋ ቢት እንኳ አይሞላም፤ በግቢ ውስጥ ባለ 100 ሜጋ ቢት ገመድ ላይ ይህ የሚታይ ሸክም አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ሁለት ቢሮዎችን በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚያልፍ የተመሠጠረ የግል መስመር) ለማገናኘት መስመሩ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ጂ 729 የተባለው ኮዴክ፣ የቪፒኤኑ መጠቅለያ ሳይቆጠር፣ በ31 ኪሎ ቢት ገደማ ያንኑ ጥሪ ያደርሳል።

ከሁሉ በላይ ለእኛ አካባቢ የሚበልጠው ነጥብ ይህ ነው፦ በአንድ ግቢ ውስጥ ከካርድ ክፍል ወደ ላቦራቶሪ የሚደረግ ጥሪ ኢንተርኔትን አይነካም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ሥራው በሞባይል መተግበሪያ ላይ የተንጠለጠለ ቢሮ ምን ያህል እንደተቸገረ ሁላችንም አይተናል። ሰርቨሩ ግቢው ውስጥ ከሆነና መብራት ካለው የውጭው ግንኙነት ቢቋረጥም የውስጡ ይሠራል።

የሐይቅ ልጅ፦ የቦርከናን ስሌት አከብራለሁ፤ የቴክኒኩ ክፍል ትክክል ነው። ክርክሬ ከዚያ ውጭ ነው። ሶፍትዌሩ ነፃ ቢሆንም የሚያዋቅረው ሰው ነፃ አይደለም። በወረዳ ደረጃ የተቀጠረ የአይሲቲ ባለሙያ ልምድ ሲያገኝ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ በዚህ ማንም ሊወቅሰው አይችልም፣ ደመወዙ ይታወቃል። የሄደው ልጅ ያቆመውን ሰርቨር የተካው ሰው ለመንካት ይፈራል። ከዚያም ለዓመታት ሳይታደስ ይቆያል፤ ችግሩ የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። የቀድሞው የፍሪፒቢኤክስ ስርጭት የተመሠረተበት ሴንትኦኤስ 7 የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2024 አብቅቷል፤ አዲሱ ፍሪፒቢኤክስ 17 ወደ ዴቢያን 12 ተሻግሯል። አሮጌውን የያዘ ሁሉ አዲስ ሰርቨር አቁሞ መዛወር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ደግሞ በፍሪፒቢኤክስ አንድ ሞጁል (ተጨማሪ ክፍል) ላይ ያለ የይለፍ ቃል ለመግባት የሚያስችል ቀዳዳ ተገኝቶ፣ የአስተዳዳሪ ገጻቸውን ለኢንተርኔት ክፍት ያደረጉ ሲስተሞች ማስተካከያው ሳይወጣ ተጠቅተዋል። የአደጋው መጠን ከ10፣ 10 ተብሎ ነው የተመዘገበው።

የምታውቁት ቢሆንም ልድገመው፤ ደካማ የይለፍ ቃል ያለው ኤክስቴንሽን ኢንተርኔት ላይ ከወጣ የኢንተርኔት ስልክ የሚጠቀምበትን 5060 የሚባለውን በር (ፖርት) ሌሊትና ቀን የሚያስሱ ፕሮግራሞች ያገኙታል። አጥቂው የእናንተን መስመር ተጠቅሞ ውድ ወደሆኑ የውጭ ቁጥሮች ይደውላል፤ የሚመጣውን ሒሳብ የሚከፍለው ባለ መስመሩ ነው። የማውቀው አንድ የግል ድርጅት ቅዳሜና እሑድ ቢሮው ተዘግቶ ሳለ እንዲህ ተደውሎበት ሰኞ ያወቀው ከሒሳቡ ነው። ጤና ጣቢያ ይህ ቢደርስበት ከየትኛው በጀት ይከፍላል? የተዘጋ ምርት ሲገዛ ቢያንስ በውል የሚጠየቅ አቅራቢ አለ።

ከወልድያ፦ አጭር ነገር ልጨምር። የተዘጋ መሆን ከጥቃት አያድንም። ስሪሲኤክስ የተባለው በኩባንያ የሚሸጥ የስልክ ሲስተም እ.ኤ.አ. በማርች 2023 የራሱ የኮምፒውተር መተግበሪያ በኩባንያው ፊርማ በተረጋገጠ ማሻሻያ በኩል ተበክሎ ለደንበኞቹ ደርሷል። ስለሚጠየቀው አቅራቢም ቢሆን፣ እዚህ የማውቀው አንድ መሥሪያ ቤት የማዞሪያው የይለፍ ቃል በአቅራቢው እጅ ስለቀረ አንድ ኤክስቴንሽን ለመጨመር እንኳ ከአዲስ አበባ ሰው መጠበቅ ነበረበት፤ መንገድ በተዘጋ ጊዜ ደግሞ ሰው አይመጣም። ውሉ በወረቀት ነበር፤ ስልኩ ግን አልሠራም።

የሕግ ተማሪዋ (ደሴ)፦ ወንድሞቼ፣ ሕጉን ሳይጠቅሱ መቀጠል ጥሩ አይመስለኝም። በአዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት ድምፅ ማስተላለፍ ተከልክሎ ስለነበር ዛሬም ብዙ ኃላፊዎች «የኢንተርኔት ስልክ» የሚለውን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ከአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ወዲህ የዘርፉ አሠራር ተለውጦ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ ሁለተኛ ኦፕሬተርም ገብቷል። ይሁንና የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 761/2004 የአገልግሎት ሰጪውን መሠረተ ልማት ወደ ጎን ትቶ የአገር ውስጥ ወይም የውጭ አገር የቴሌኮም አገልግሎት የሚሰጥን ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ደንግጓል። ስለዚህ በግቢ ውስጥ ኤክስቴንሽን ማገናኘትና የውጭውን ጥሪ ፈቃድ ካለው ኦፕሬተር በውል በተገኘ መስመር ማስወጣት አንድ ነገር ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ርካሽ ስለተገኘ ብቻ የውጭ አገር ትራንክ (ማዞሪያውን ከውጭው የስልክ መረብ ጋር የሚያገናኝ መስመር) ማስገባት ፈጽሞ ሌላ ነው። የአይሲቲ ልጆች ይህን ድንበር በጽሑፍ ሊያውቁት ይገባል። ጥሪ የሚቀዳ ከሆነም የታካሚ ድምፅ የግል መረጃ ስለሆነ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንደሚመለከተው አትርሱ።

ቦርከና፦ እህታችን ያለችው በስፔሲፊኬሽኑ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መግባት አለበት። ለሐይቁ ወንድሜ ደግሞ በዝርዝር ልመልስ፤ የጠቀስካቸው ጥቃቶች ሁሉ የሚያልፉት በአንድ በር ነው፣ እሱም ማዞሪያው ኢንተርኔት ላይ መታየቱ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማዞሪያ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ የሚታይበት አንዳች ምክንያት የለም።

ፋየርዎሉ ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ይዘጋል፤ የሚፈቅደው ከኦፕሬተሩ የትራንክ አድራሻ የሚመጣውን ብቻ ነው። የአስተዳዳሪው ገጽ ከውስጥ ኔትወርክ ወይም በቪፒኤን ብቻ ይከፈታል። ስልኮቹ ከሠራተኛው ኮምፒውተር በተለየ ቪላን (በአንድ ገመድ ላይ ተለይቶ በተከፈለ ኔትወርክ) ላይ ይቀመጣሉ፣ ምክንያቱም በፍላሽ የገባ ቫይረስ ወደ ማዞሪያው መንገድ ማግኘት የለበትም። የውጭ አገር ጥሪ ከመነሻው ይዘጋል፤ የሚያስፈልገው ኃላፊ ካለ በሚስጥር ቁጥር ይከፈትለታል፣ በአንድ ጊዜ የሚወጡ ጥሪዎች ብዛትም ይገደባል። ፌይልቱባን የተባለው ፕሮግራም የይለፍ ቃል እየሞከረ የሚሳሳተውን አድራሻ ያግዳል፤ ግን የመጨረሻ አጥር እንጂ የመጀመሪያ እንዳይሆን አደራ።

አዲስ ሠራተኛን የሚያስጨንቀው ደግሞ ስልኩ ጠርቶ ተነሥቶ ድምፅ የማይሰማበት ጊዜ ነው። ጥሪውን የሚያቋቁመው ኤስአይፒ የተባለው የመግባቢያ ደንብ በ5060 ይሄዳል፤ ድምፁ ግን በሌላ በኩል፣ አስተሪስክ በተለምዶ ከ10000 እስከ 20000 ባሉ የዩዲፒ ፖርቶች ይጓዛል። ፋየርዎሉ የመጀመሪያውን ፈቅዶ ሁለተኛውን ከከለከለ፣ ወይም ማዞሪያው ከናት (የውስጥ አድራሻን ወደ ውጭ አድራሻ ከሚቀይረው የራውተር አሠራር) ጀርባ ሆኖ የውስጥ አድራሻውን ወደ ውጭ ከላከ፣ አንዱ ይናገራል ሌላው አይሰማም። ራውተሩ ላይ ያለው ኤስአይፒ ኤኤልጂ የሚባለው «ረዳት» ደግሞ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያባብሰዋልና መዘጋት አለበት። ይህ ሁሉ በሁለት ገጽ ተጽፎ ከሰርቨሩ ጋር ከተቀመጠ የሚመጣው ልጅ አይፈራም።

የሐይቅ ልጅ፦ ለአስተዳደር ቢሮ፣ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ለዩኒቨርሲቲ ግቢ የተባለው ያሳምነኛል። ለድንገተኛ ክፍልና ለማዋለጃ ግን አሁንም እምቢ እላለሁ። ሰርቨሩ ሲወድቅ አንድ ቢሮ ቢዘጋ ሥራ ይዘገያል፤ ማዋለጃው ሐኪም መጥራት ሲያቅተው ግን የሚጠፋው ሕይወት ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ዩፒኤሱ (ለጊዜው ኃይል የሚሰጠው ባትሪ) ሰርቨሩን ብቻ ቢይዝ በቂ አይደለም፤ ለስልኮቹ ኃይል የሚሰጠው የኔትወርክ ስዊችም ካልተያዘ ስልኮቹ ሁሉ አብረው ይጠፋሉ። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

ከወልድያ፦ ስለ ድንገተኛ ክፍል ከሐይቁ ልጅ ጋር ነኝ፤ ግን መፍትሔው የተዘጋ ምርት መግዛት አይደለም፣ እሱም መብራት ሲጠፋ ይጠፋል። በማዞሪያው የማያልፍ አንድ ተራ የቴሌ መስመር በቀጥታ ወደዚያ ክፍል ይግባ። ማዞሪያው ማንም የሠራው ቢሆን ይህ መስመር መኖር አለበት።

የሐይቅ ልጅ፦ ቀጥታ መስመሩ በውሉ ውስጥ ከተጻፈ ተቃውሞዬን እዚያ ላይ አቆማለሁ። የሰውን ጉዳይ ግን ማንም አልመለሰልኝም። ሌሊት ሲበላሽ ተረኛው ማን ነው? የትርፍ ሰዓቱንስ የሚከፍለው?

ጦሳ ሥር፦ ለግዢ ኮሚቴው በጽሑፍ የማቀርበው ይህ ነው፦ ፈቃድ ካለው ኦፕሬተር የተወሰደ መስመር፣ ከኢንተርኔት የተሸሸገ ማዞሪያ፣ ሰርቨሩንም ስዊቹንም የሚይዝ ዩፒኤስ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚገባ ቀጥታ መስመር፣ በአማርኛ የተጻፈ የርክክብ ሰነድ፣ ከሰርቨሩ ውጭ የሚቀመጥና ተመልሶ መጫኑ በተግባር የታየ ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ)። የተዘጋ ምርት የሚያቀርብም ቢሆን እነዚህን ካሟላና የይለፍ ቃሉን ካስረከበ ይወዳደር። ለተረኛው ጥያቄ ያለኝ ሐሳብ የደሴና የኮምቦልቻ ተቋማት በመካከላቸው ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ የጋራ ተረኛ ቡድን እንዲያቋቁሙ ነው፤ አንዱ ተቋም ብቻውን ሁለት ባለሙያ ማቆየት ባይችል አምስት ተቋማት አንድ ላይ ይችላሉ። ክፍያው በየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሚገባ ግን የፋይናንስ ሰው ያስፈልገናል፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ያላችሁ ካላችሁ ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት እዚሁ ብትጽፉልን።