ታስሮ እያለ መድኃኒቱ ሳይገባለት ሞተ። ማንን ነው የምንጠይቀው?

የሽምብጥ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። የአክስቴ ልጅ ሰኞ ማታ በገንዘብ ጭቅጭቅ ተይዞ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። ስኳር አለበት፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ኢንሱሊን ነው የሚወጋው። ማክሰኞ ጠዋት አክስቴ ምግቡንና መድኃኒቱን ይዛ ሄደች። ምግቡን አስገቡላት፣ መድኃኒቱን ግን "መርፌ አይገባም፣ የሐኪም ወረቀት አምጪ" ብለው መለሷት። ወረቀቱን ይዛ ስትመለስ ደግሞ መርማሪው የለም ተባለች። ረቡዕ ከሰዓት አብሮት ታስሮ የተፈታ ልጅ "እያስመለሰው ነው፣ ስናናግረውም አይመልስም" ብሎ ነገራት። ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ሆስፒታል ወሰዱት። ከደረሰ በኋላ ነው የሞተው የሚል አለ፣ መንገድ ላይ ነው የሚልም አለ። የጣቢያው መልስ "የራሱ በሽታ ነው የገደለው" ነው።

አስከሬኑ እስካሁን ሆስፒታል ነው። ቤት ውስጥ ለሁለት ተከፍለናል። አባቱ ዛሬውኑ ይቀበር ይላሉ፣ ዕድሩም ድንኳን ተክሏል። እኛ ይመርመር እንላለን። የራሱ በሽታ ከሆነ ማንንም መጠየቅ አንችልም ማለት ነው? የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ።

ነርስ ነኝ፦
ነፍሱን ይማር፣ ለእናቱም መጽናናቱን ይስጣት። ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው፣ የእናንተን ልጅ ግን አላየሁትም፣ ስለዚህ በጥቅሉ ልናገር። ከልጅነቱ ጀምሮ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ኢንሱሊን አያመርትም። መርፌው ሲቋረጥ ስኳሩ ይጨምራል፣ ሰውነቱ ስብ ማቃጠል ይጀምራል፣ ደሙ ውስጥ ኪቶን የሚባል አሲድ ይጠራቀማል። ይሄ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። መጀመሪያ ጥማትና ቶሎ ቶሎ ሽንት፣ ቀጥሎ ማስመለስና የሆድ ቁርጠት፣ ከዚያ በረጅሙ መተንፈስና መፍዘዝ ይመጣል። ትንፋሹ ስለሚሸት ያላወቀ ሰው "ሰክሯል" ይላል፣ ጣቢያ ውስጥ ሰክሯል የተባለ ሰው ደግሞ ጥግ ላይ ተኝቶ ይለፍለት ተብሎ ነው የሚተወው። በጊዜ ከመጣ እኮ በፈሳሽና በኢንሱሊን የሚድን ነገር ነው! እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ምርመራው ይደረግ ካላችሁ አንድ ነገር አትርሱ። ስኳር እንደነበረበትና ኢንሱሊኑ መቼ እንደተቋረጠ ለሚመረምረው ሐኪም በጽሑፍ ይድረሰው። ካልተነገረው የድብደባ ምልክት ፈልጎ ያጣና "ምንም የለም" ብሎ ሊዘጋው ይችላል። ከሞት በኋላ ከደም የሚለካ ስኳር አያስተማምንም። ከዓይን ውስጥ በሚወሰድ ፈሳሽ ግን ስኳሩንም ኪቶኑንም ማየት ይቻላል፣ ያውም ቶሎ ከተወሰደ። የሆስፒታሉን ካርድ ቅጂም ጠይቁ። ስንት ሰዓት ደረሰ፣ ሲደርስ ትንፋሽ ነበረው ወይ፣ ስኳሩ ተለክቶ ነበር ወይ፣ እሱ ላይ ነው ያለው።

የዓባይ ማዶው፦
ብትቆጡም ልናገር። የሞተ አይመለስም። አስከሬን ሲጉላላ የሚቃጠለው የእናት አንጀት ነው። ደግሞ ፖሊስን የሚመረምረው ማን ሆነና ነው? እነሱው በእነሱው! ቅበሩትና ሽማግሌ ልካችሁ በካሳ ተነጋገሩ።

ጠበቃው፦
ወንድሜ፣ ሽምግልናን አልጠላም። ግን ሽማግሌ ቤተሰብ ያስታርቃል እንጂ የነፍስ ጉዳይ ክስን አይዘጋም። ከተቀበረ በኋላ መቃብር አስከፍቶ ማስመርመር ደግሞ ለእናቱ የባሰ ነው፣ ማስረጃውም ይጠፋል። ቸኩላችሁ አትቅበሩ የምለው ለዚህ ነው።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ "የራሱ በሽታ ነው" የሚለው መልስ አያስኬድም። በሽታውማ ለዓመታት አብሮት ኖሯል፣ በዚህ ሳምንት የጎደለው መድኃኒቱ ነው። ውጭ ቢሆን ራሱ ገዝቶ ራሱ ይወጋ ነበር። በር የቆለፈበት አካል ያንን ኃላፊነት አብሮ ወስዷል። የሰው በሬ በአደራ የተቀበለ እንኳ ሲሞትበት ይጠየቃል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝና ከሐኪሙም ጋር እንዲገናኝ መብት ይሰጠዋል። ሌላም ነገር አለ፣ እናንተ ሳታስተውሉት ነው የጻፋችሁት። ሰኞ ማታ ተይዞ እስከ ረቡዕ ማታ ፍርድ ቤት ቀርቧል? አንቀጽ 19 በ48 ሰዓት ውስጥ ይቅረብ ይላል፣ ለመንገድ የሚፈጀው ጊዜ ሳይቆጠር። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ጣቢያና ፍርድ ቤት ስንት ሰዓት ይራራቃሉ? ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ዳኛው ፊት "አሞኛል" ይል ነበር።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል ወንጀል ነው። ያጠፋው ሰው በሙያው ወይም በሌላ ምክንያት ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ካለበት ቅጣቱ ይከብዳል። ለካሳው ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2126ን እዩ፣ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ መንግሥትን ራሱን መክሰስ ይቻላል። በመርህ ደረጃ የካሳ ክስ ጊዜው 2 ዓመት ነው፣ አታዘግዩት። አሁኑኑ ለዓቃቤ ሕግ የአስከሬን ምርመራ እንዲታዘዝ ማመልከቻ ጻፉ፣ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም አስመቱ። እነሱው በእነሱው ለተባለው፣ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) ባሕር ዳር ላይ ጽሕፈት ቤት አለው፣ አቤቱታ ለማቅረብ አይከፈልም።

የቀድሞ ባልደረባ፦
ፖሊስ ነበርኩ፣ አሁን ለቅቄያለሁ። ስድብ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ጣቢያው ሐኪም የለውም። ማታ መኪናው ነዳጅ የለውም ወይ ሌላ ሥራ ላይ ነው። አንድ ተረኛ በሩን ትቶ እስረኛ ይዞ መውጣት አይችልም፣ ቢያመልጥ በእሱ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ይነጋ ይላል። በታማሚው ቤተሰብ ገንዘብ በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ የወሰድንበት ጊዜ ሁሉ ነበር። መርፌ የሚከለከለውም ራሱን ወይ ሌላ ሰው ይጎዳበታል በሚል ፍርሃት ነው። መፍትሔው ቀላል ነበር፣ መድኃኒቱ ተረኛው ጋ ተቀምጦ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ታሳሪው ተረኛው እያየው ራሱ ይወጋል።

ይህን የምለው ለማመካኘት አይደለም። ተረኛው "ታሟል" ብሎ ለኃላፊው ከደወለና ኃላፊው "ይነጋ" ካለ፣ ጥፋቱ ከተረኛው ላይ ብቻ ሊቀር አይገባም። ብዙ ጊዜ ግን ትንሹ ሰው ይታሰርና ነገሩ ይበርዳል። የተረኛ መዝገቡን ይያዙ። ሲገባ ሕመሙ ተጽፏል? ማን ለማን ደወለ? የስልክ ጥሪም ማስረጃ ነው። መዝገቡ ላይ አዲስ ቀለም ካያችሁ ጠርጥሩ።

የሽምብጥ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለአባቱ የነርሷን መልስ አነበብንላቸው። "ሰክሯል" የሚለው ጋ ስንደርስ አስቆሙን፣ ለካ ማክሰኞ ሲሄዱ ለእሳቸውም "ጠጥቶ ነው" ብለዋቸው ነበር። በሕይወቱ አረቄ ቀምሶ አያውቅም። ቀብሩ እንዲቆይ ተስማምተዋል፣ ማመልከቻውን እየጻፍን ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ አብሮት የነበረው ልጅ ስሙ እንዳይጠራ ይፈልጋል። ምን እናድርግ?

ጠበቃው፦
ማመልከቻው ላይ ስሙን አታስገቡ፣ "አብረው የነበሩ ምስክሮች አሉ" በሉና እለፉት። ልጁ ያየውን ዛሬውኑ በራሱ እጅ ይጻፍ፣ ቀንና ሰዓት ያስገባበት፣ ወረቀቱም እናንተ ቤት ሳይሆን እሱ የሚያምነው ሰው ጋ ይቀመጥ። ዓቃቤ ሕጉ ሲጠይቅ ጥበቃ እንዲደረግለት አብራችሁ ታመለክታላችሁ። የመድኃኒቱን ጠርሙስና አክስትህ ያመጣችውን የሐኪም ወረቀትም ለማንም አትስጡ፣ ከተጠየቃችሁ ኮፒውን ብቻ።