ተኝቶም 5.4 ሚሊአምፕ የሚበላ ቦርድ፦ ሬጉሌተሩን በምን ልቀይር?

ጥቁር_ውሃ
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሐዋሳ ለአትክልት ማሳ የሚሆን የአፈር እርጥበት መለኪያ እየሠራሁ ነው። ኤቲሜጋ328ፒ (ቦርዱን የሚመራው ቺፕ) በ8 ሜጋኸርዝ፣ አርኤፍኤም95 የሎራ (ረጅም ርቀት የሚልክ) ሬዲዮ፣ ካፓሲቲቭ የአፈር ሴንሰር፣ አንድ ባለ 2600 ሚሊአምፕ-ሰዓት 18650 ሊቲየም ባትሪ፣ እና 3.3 ቮልት የሚያወጣ ኤኤምኤስ1117 ሬጉሌተር (ቮልቴጅ አስተካካይ) አለው። በየግማሽ ሰዓቱ ነቅቶ ይልክና መልሶ ይተኛል። ሴንሰሩ ከአንዱ ፒን ስለሚመገብ ሲተኛ አብሮ ይጠፋል። ግን ተኝቶም ከባትሪው 5.4 ሚሊአምፕ ይስባል። ስዊቺንግ ሬጉሌተር (በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ቮልቴጅ የሚያወርደው) ቆጣቢ ነው ስለሚባል በኤልኤም2596 ልተካው? ወይስ ሬጉሌተሩን አውጥቼ ባትሪውን ቀጥታ ላገናኝ?

ታቦር
ሁለቱንም ተወው። የሚበላው ኤኤምኤስ1117 ነው፤ ምንም ጭነት ሳይኖርበት ለራሱ ብቻ ወደ 5 ሚሊአምፕ ይወስዳል። 2600ን ለ5 አካፍል፦ 520 ሰዓት፣ ሦስት ሳምንት ብቻ። በዚያ ላይ ሬዲዮው ሲልክ በመግቢያና በመውጫው መካከል 1.1 ቮልት ገደማ ልዩነት ይፈልጋል። ሙሉ ባትሪ 4.2 ስለሆነ በዚያች ሰዓት 3.3 አግኝተህ አታውቅም ማለት ነው። በየቦርዱ ተለጥፎ የሚመጣው ርካሽ ስለሆነ እንጂ ለባትሪ ታስቦ አይደለም።

ኤልኤም2596ም ለራሱ ያንኑ 5 ሚሊአምፕ ገደማ ይበላል፤ መግቢያው ደግሞ ቢያንስ 4.5 ቮልት ነው፣ አንድ 18650 አይደርስለትም። የስዊቺንግ ቁጠባ የሚታየው ጭነቱ ከፍ ሲል ወይም የቮልቴጅ ልዩነቱ ሰፊ ሲሆን ነው። ከ3.7 ወደ 3.3 ለማውረድ ሊኒየሩ (ትርፉን ቮልቴጅ በሙቀት የሚያጠፋው፣ እንደ ኤኤምኤስ1117 ያለው) ራሱ 89 በመቶ ይሰጥሃል፣ ያውም ያለ ኮይልና ያለ ጫጫታ። ቀጥታ ማገናኘትም አይሆንም፤ አርኤፍኤም95 የሚሠራው እስከ 3.7 ቮልት ነው።

ኤችቲ7333 (ለራሱ 4 ማይክሮአምፕ፣ መግቢያ እስከ 12 ቮልት) ወይም ባለ 3.3 ቮልቱን ኤምሲፒ1700 (1.6 ማይክሮአምፕ፣ መግቢያ እስከ 6 ቮልት) ግዛ። ሁለቱም 250 ሚሊአምፕ ይሰጣሉ፤ ሬዲዮህ በሙሉ ኃይል ሲልክ 120 ገደማ ነው የሚፈልገው። በኋላ የፀሐይ ፓነል የምትጨምር ከሆነ ኤችቲውን ምረጥ፤ ባለ 6 ቮልት ፓነል ጭነት ሳይኖርበት ከ7 በላይ ሊወጣ ስለሚችል ወደ ኤምሲፒው ከደረሰ ያቃጥለዋል።

አላሙራ
ታቦር ያለው ልክ ነው፤ ግን ወንድሜ፣ ቺፑን ነቅለህ በዚያው ቦታ እንዳትበይደው። የኤኤምኤስ1117 እግሮች በቅደም ተከተል ግራውንድ፣ መውጫ፣ መግቢያ ናቸው። ኤችቲ7333ም ኤምሲፒ1700ም በቲኦ-92 እና በኤስኦቲ-89 ቅርፃቸው ግራውንድ፣ መግቢያ፣ መውጫ ናቸው። ከጀርባው ያለው ሰፊ ብረትም በኤኤምኤስ1117 ከመውጫው ጋር፣ በኤስኦቲ-89ው ኤችቲ ከመግቢያው ጋር የተያያዘ ነው።

ክፋቱ ተገልብጦ ሲበየድ ወዲያው አለመሞቱ ነው። ኤሌክትሪኩ በውስጡ ባለው ዳዮድ አልፎ ከባትሪው ግማሽ ቮልት ገደማ ያነሰ ቮልቴጅ ይወጣል፤ ቦርዱ ይነሳል፣ ይልካል፣ አንተም "ሠራ" ትላለህ። ስለዚህ ሬዲዮውን ከማገናኘትህ በፊት መውጫውን ለካ፦ ባትሪው 4.1 ሆኖ መውጫው 3.5 ወይም 3.6 ካሳየ ተገልብጧል።

መግቢያውም መውጫውም ላይ 10 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር አድርግ፣ በተቻለ መጠን ወደ እግሩ አስጠግተህ። ትልቅ ኤሌክትሮላይቲክ "ለሬዲዮው" ብለህ አትጨምር፤ ባለ 1000 ማይክሮፋራዱ ብቻውን በአሥሮች ማይክሮአምፕ ሊያፈስ ይችላል።

አለካክህም ያሳስበኛል። ቴስተርህን በማይክሮአምፕ ክልል ላይ አድርገህ ካስገባኸው ቦርዱ ሲነቃ ቮልቴጁ በቴስተሩ ውስጥ ይወድቅና ቦርዱ ደጋግሞ ይነሳል፤ የምታነበው ቁጥር ትርጉም አይኖረውም። በባትሪው መስመር ላይ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር በተከታታይ አስገባ፣ ሁለቱን ጫፎቹን በሽቦ አገናኝ፣ ቦርዱ ሲተኛ ሽቦውን አንሳና ሚሊቮልት ለካ። 1 ሚሊቮልት 1 ማይክሮአምፕ ነው። ቦርዱ ከመንቃቱ በፊት ሽቦውን መልስ።

ጥቁር_ውሃ
ኤችቲ7333 ገባ፣ መውጫው 3.31። በሬዚስተሩ ለካሁት፣ ባትሪው 4.0 ላይ ሆኖ 48 ሚሊቮልት፣ ማለትም 48 ማይክሮአምፕ። ቀሪው ከየት ነው? የባትሪ ቮልቴጅ የማነብበት መከፋፈያ አለ፣ ሁለት 100 ኪሎኦም።

ታቦር
ቆጠራው ይገጥማል። መከፋፈያው 4.0 ቮልት በ200 ኪሎኦም፣ 20 ማይክሮአምፕ። ዋችዶጉ (ቺፑን የሚቀሰቅሰው ሰዓት ቆጣሪ) እየሠራ የተኛ ኤቲሜጋ ወደ 5። ኤችቲው 4። የቀረው 20 ገደማ ብራውንአውቱ ነው፤ ቮልቴጅ ከወረደ ቺፑን ዳግም የሚያስነሳው ጠባቂ ነው፣ ቺፑ ተኝቶም ቮልቴጁን ይከታተላል። እሱን ለእንቅልፉ ጊዜ በኮድ አጥፋው።

መከፋፈያውን በሁለት 1 ሜጋኦም ተካ፣ ከንባቡ ፒን ወደ ግራውንድ 100 ናኖፋራድ ጨምር፤ ካፓሲተሩ ከሌለ በዚያ ሬዚስተር ንባቡ ይዋዥቃል። 20ው ወደ 2 ይወርዳል።

አላሙራ
ብራውንአውቱን በኮድ ስታጠፋ ትእዛዙን ከእንቅልፍ ትእዛዙ በፊት ወዲያው አስቀምጠው፤ የሚቆየው ለሦስት የሰዓት ምት ብቻ ነው፣ በመካከላቸው ሌላ መስመር ከገባ ሳይጠፋ ይተኛል። ስሙ ላይ "ፒ" የሌለው ኤቲሜጋ328 ከሆነ ደግሞ ይኼ ነገር ጭራሽ የለውም፣ ቺፑ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ከብየዳ በኋላም የቀረውን ፍላክስ (የብየዳ ቅባት) በአልኮል እጠበው፤ በክረምት እርጥበት ሲጠጣ በሁለቱ 1 ሜጋኦሞች መካከል ያፈስና የባትሪ ንባብህን ያጣምመዋል።