ተከራይ «መታጠቢያ ቤቱ ይሸታል» ሲል

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ፈርኒሽድ አፓርታማ እናጸዳለን። ተከራዩ ገና ሻንጣውን ሳያወርድ «ይሸታል» ብሎ ይደውላል። በበረኪና ታጥቧል እኮ! የቤቱ ባለቤትም የጽዳት ሂሳባችንን ልትቀንስ ነው።

መልስ፦ በረኪናው አይፈታውም። ቤቱ ባዶ ከከረመ የወለሉ ሲፎን (ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግደው የፍሳሽ መውረጃ) ውሃው ይደርቅና የፍሳሹ ሽታ ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ሊትር ውሃ አፍስሱበት። ካልቆመ ክዳኑን አንሥታችሁ ፀጉሩንና የሳሙናውን ዝቃጭ አውጡ።

መልስ፦ አደራ፣ በረኪና ላይ አሲድ እንዳትጨምሩ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ሲፎኑ ሞልቶም ከሸተተ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ሥር ያለው ማሸጊያ ሳይለቅ አይቀርም፤ ያ የቧንቧ ሠራተኛ ሥራ ነው።

መልስ፦ ለተከራዩ «እናያለን» አትበሉት፤ የምትደርሱበትን ሰዓት ቁርጡን ንገሩት። ቁልፍ ከማስረከባችሁ በፊት ሽንት ቤቱን፣ ምድጃውን፣ የፍሪጁን ውስጥ ፎቶ አንሥታችሁ ወዲያው ለባለቤቷ በቴሌግራም ላኩ፤ ሰዓቱ ይመዘገባል። የቧንቧ ብልሽት ከጽዳት ሂሳብ እንደማይቆረጥ ግን ውሉ ላይ ይግባ።