ቡችላ ከእናቱ ጋር ሳይታይ አይሸጥ የሚል ሕግ ይውጣ? ክርክር በሃስኪ ገዢዎችና በመጠለያ ሰዎች መካከል

ጥያቄ አቅራቢው፦

ጥያቄዬ አጭር ነው። ገዢው ቡችላው የተወለደበት ቦታ ድረስ ሄዶ፣ ከእናቱ ጋር ካላየው በቀር ሽያጭ የለም የሚል ሕግ ይውጣ ወይስ ይቅር? እኔ ይውጣ ባይ ነኝ።

ከባለቤቴ ጋር የሳይቤሪያ ሃስኪ የሚባለውን የውሻ ዝርያ ለማሳደግ ወስነን በመኪና ከማርቢያ ማርቢያ ዞርን። በመጨረሻ አንዲት ቡችላ ይዘን ገባን። በፎቶ ብቻ ወስነን ቢሆን ኖሮ የምንገዛው ከሌላ ሰው ነበር። የዚያኛው ሰውዬ ድረ ገጽ ያምራል። ሰማያዊ ዓይን ያላቸው ቡችሎች ነጭ ብርድ ልብስ ላይ ተደርድረዋል። ስንደርስ ግን አንዱን ቡችላ ታቅፎ በር ላይ ጠበቀን። ወደ ውስጥ አላስገባንም። እናቱን እንያት ስንለው "አሁን ሰው አትወድም" አለ። ሌላ ቀን እንምጣ ስንለው ደግሞ ሌላ ገዢ እየመጣ ነው አለን። ትተነው ሄድን።

ቡችላችንን ያገኘንበት ማርቢያ ፎቶው እንኳ ደብዛዛ ነበር። እናትየው ግን ራሷ መጥታ እጃችንን አሸተተች። ጸጉሯ ሳስቷል፣ ጡቶቿ ገና አልደረቁም። ሃስኪ ከወለደች በኋላ ጸጉሯ እንደሚረግፍ አርቢዋ ሳንጠይቃት ነገረችን። አጥሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ሽቦው መሬት ውስጥ ገብቶ ተቀብሯል፣ ምክንያቱም ሃስኪ መዝለል ካቃተው ይቆፍራል። ከዚያ የእናትና የአባትየውን የዓይንና የዳሌ ምርመራ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችልን። በዚህ ዝርያ በዘር የሚወረስ የዓይን ሞራ አለ። ቡችላውን በማየት ብቻ አይታወቅም፤ ስለዚህ ወላጆቹን የዓይን ሐኪም ማየት አለበት።

ቀጥሎ እኛ ተጠያቂ ሆንን። ቀን ቤት የሚውለው ማን ነው? ድመት ወይስ ዶሮ አላችሁ? ጠዋት ጠዋት የሚያስሮጣት ማን ነው? ማሳደግ ካቃታችሁ ለሌላ ሳትሰጡ ለእኔ ትመልሳላችሁ ብላ አስፈረመችን። ይህን ሁሉ በስልክ አታገኙትም።

እናቷን አይተህ ልጇን አግባ ይባል የለ? እንግሊዝ ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ሕግ አድርጋዋለች። ነጋዴ ከአርቢ የገዛውን ከ6 ወር በታች የሆነ ቡችላ አትርፎ መሸጥ አይችልም። ገዢ ከራሱ ከአርቢው ወይም ባለቤት ያጡ ውሾች ከሚቆዩበት መጠለያ ይወስዳል። ፈቃድ ያለው አርቢም ቡችላውን ከእናቱ ጋር ማሳየት ግዴታው ነው። ሌላውም አገር ይከተል ነው የምለው።

የመጠለያ በጎ ፈቃደኛዋ፦

ወንድሜ፣ ለቡችላችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ። በሐሳብህ ግን በግማሹ ብቻ ነው የምስማማው። ሕግህ መጥፎ ሻጭን ይይዛል። ያልተዘጋጀ ገዢን አይነካውም።

እኛ ጋ የሚመጡት ሃስኪዎች በአብዛኛው ጎረምሶች ናቸው። ቡችላነታቸው አልፏል፣ ጉልበታቸው ሞልቷል። ሶፋ ቀደደ፣ አጥር ዘለለ፣ የጎረቤት ድመት ገደለ፣ ሌሊት ያላዝናል፤ የምንሰማው ምክንያት ይኸው ነው። ሁሉም ደግሞ ዝርያው የተፈጠረበት ባሕርይ ነው። የቹክቺ ሕዝብ በሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ እነዚህን ውሾች ያረባቸው ቀላል ጭነት በብርድ ረጅም መንገድ እንዲጎትቱ ነው። አንድ ወንድ ሃስኪ ከ27 ኪሎ ብዙም አያልፍም፤ ጽናቱ ግን አያልቅም። ያንን እንስሳ ቀኑን ሙሉ ሳሎን ዘግተህበት ትሄዳለህ፣ ማታ ስትመጣ ትራሱ ተበጣጥሶ ይጠብቅሃል።

ተኩላ የመሰሉ ውሾች የሚታዩበት አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ገንኖ በነበረበት ጊዜ ሰው ሃስኪ ለመግዛት ተረባረበ። በ2017 ከተዋናዮቹ አንዱ ፒተር ዲንክሌጅ ራሱ በአደባባይ ወጥቶ እባካችሁ ከመግዛታችሁ በፊት መጠለያ እዩ እስከ ማለት ደረሰ። ከእነዚያ ገዢዎች መካከል እናትየውን ያዩም ነበሩ። ማየታቸው ውሻውን ከመጠለያ አላዳነውም።

ካሊፎርኒያ ከ2019 ጀምሮ የእንስሳት መሸጫ ሱቆች ከመጠለያ ያልመጣ ውሻ እንዳይሸጡ ከልክላለች። እኔ የምፈልገው እንደዚህ ያለ ሕግ ነው። ሃስኪ የፈለገ ሰው ጉዞውን ከመጠለያ ይጀምር። ትልቁን ሃስኪ ለአንድ ሰዓት በገመድ ይዞ ይሂድ። ትከሻው ይንገረው።

ከሩቅ የወሰደው፦

ሕጉ ለባለ መኪና ነው የተጻፈው። እኔ በምኖርበት አካባቢ ሃስኪ የሚያረባ ሰው የለም። ረጅም መንገድ መቀመጥ ደግሞ ጤናዬ አይፈቅድልኝም። አርቢዋ እናትየውን ስታጠባ በቀጥታ ቪዲዮ በተደጋጋሚ አሳየችኝ። የምርመራ ወረቀቶቹን ላከችልኝ፣ የመረመራቸውንም ሐኪም ደውዬ አናገርኩት። ውሻዬ ደህና ነው። ለምንድነው እኔ የምከለከለው?

የእንስሳት ሐኪሙ፦

ያልተነሳ ነገር አለ፣ እሱም ጉዞው ራሱ ነው። ከማርቢያ ማርቢያ መዞር ለቡችሎቹ አደጋ አለው። ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ በጫማና በልብስ ይጓዛል። መሬት ላይ ለወራት ይቆያል። ተራ ሳሙናም አይገድለውም፤ በረኪና ነው የሚያስፈልገው። የ6 ሳምንት ቡችላ ክትባቱን አልጨረሰም። ከእናቱ ያገኘው መከላከያም እየቀነሰ ያለበት ጊዜ ነው። ጠዋት አንዱ ጋ፣ ከሰዓት ሌላው ጋ የሚዞር ቤተሰብ ሳያውቀው በሽታ ሊያዳርስ ይችላል። ጉብኝት በሕግ ግዴታ ከሆነ በቀን ከአንድ ማርቢያ በላይ አይሁን። ጫማ ይቀየር፣ እጅ ይታጠብ። ይህ ካልተጻፈበት እኔ አልደግፈውም።

ሌላው ዕድሜ ነው። ቡችላ ከ8 ሳምንት በፊት ከእናቱና ከወንድሞቹ መለየት የለበትም። ንክሻውን መቆጣጠር የሚማረው ከእነሱ ነው። ድንበር ሲሻገር ሕጉ ይጠነክራል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል አንዳንዶቹ ለይተው ካልፈቀዱ በቀር የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሰጠው 12 ሳምንት ሲሞላው ነው፤ ከዚያ 21 ቀን ይጠበቃል። ሲደመር 15 ሳምንት ይሆናል። አሜሪካ ደግሞ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ከ6 ወር በታች የሆነ ውሻ ከውጭ አታስገባም። ስለዚህ ትላንት ከሌላ አገር ገባ የተባለ ሚጢጢ ቡችላ ካያችሁ ወረቀቱን ደጋግማችሁ አንብቡ።

ስሌድ (ውሾች በበረዶ ላይ የሚጎትቱት ተንሸራታች) ነጂው፦

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ገዢው ሁሉ የሚጠይቀው ሰማያዊ ዓይን ነው። በዝርያው መስፈርት ቡናማም፣ ሰማያዊም፣ አንዱ ቡናማ አንዱ ሰማያዊ የሆነም እኩል ተቀባይነት አላቸው። በ1925 አላስካ ውስጥ ኖም ከተማ ዲፍቴሪያ የሚባል በሽታ ገብቶ መድኃኒቱ በስሌድ ሲደርስ፣ 20 ነጂዎች ተቀባብለው ወደ 1,085 ኪሎ ሜትር ሲያቋርጡ የውሾቹን ዓይን ቀለም የጠየቀ የለም። ማርቢያ ስትሄዱ ዓይኑን ትታችሁ እናትየው ስትሮጥ አሳዩን በሉ።

ጥያቄ አቅራቢው፦

ለዶክተር በቅድሚያ። እርስዎ ያሉትን ደህና አርቢ አስቀድሞ ያደርገዋል። የእኛዋ በስልክ መጀመሪያ የጠየቀችን ዛሬ ሌላ ማርቢያ ገብታችኋል ወይ ብላ ነው። በር ላይ ጫማ አስወለቀችን። ያኛው በር ላይ የጠበቀን ሰው ግን ከየት እንደመጣን እንኳ አልጠየቀም። እርስዎ ያነሱት ነጥብ ሕጉን የሚያጠናክር እንጂ የሚያፈርስ አይደለም፣ ይጻፍበት።

በመንገዱም ላይ ሥራ አለ። ስንመለስ ባለቤቴ ከኋላ ወንበር ከማጓጓዣው ሳጥን አጠገብ ተቀመጠች። አርቢዋ የእናትየው ሽታ ያለበት ጨርቅ ሰጥታን ነበር፤ ቡችላዋ አፍንጫዋን እሱ ውስጥ ቀብራ አለቀሰች፣ ከዚያ አስመለሳት፣ ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት። ሌሎች ውሾች የሚጸዳዱበት ማረፊያ ላይ አላወረድናትም። ሳጥኑ ውስጥ ባነጠፍነው ነገር ላይ ተጸዳዳች። አሁን አስቡት፣ ይህችው ቡችላ ከሌሎች ብዙ ቡችሎች ጋር በዕቃ መጫኛ መኪና፣ ማንም ሳያያት፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትጓዝ። እኔን ያንገበገበኝ ይህ ነው።

ከሩቅ ለወሰድከው ወንድሜ፦ ያንተን እውነት አልክድም። አቅም ለሌለው ሰው ውክልና ይፈቀድ። ዘመድ ወይም በአካባቢው ያለ የእንስሳት ሐኪም ይሂድለት፣ እናትየውን ማየቱንም በፊርማው ያረጋግጥ። በቪዲዮ ብቻ ግን አልስማማም። ካሜራውን የሚይዘው ሻጩ ነው። የሚሸተውን ቤት ካሜራ አያሳይም፣ ከጎን ያለውንም ክፍል አያሳይም።

የመጠለያ በጎ ፈቃደኛዋ፦

ስለ ፊርማው ያነሳኸው ይሁን። አንድ ነገር ግን አለቅህም። አርቢዋ አስፈረመችን ያልከው የመመለስ ውል ለእኔ እናትየውን ከማየት ይበልጣል። ሕግ የምትጽፍ ከሆነ ያስገባው። አርቢ የሸጠውን ውሻ ባለቤቱ ባቃተው ጊዜ፣ በ8 ወሩም ይሁን በ8 ዓመቱ፣ መልሶ የመቀበል ግዴታ ይኑርበት። ከውሻው ቆዳ ሥር በሚገባው መለያ፣ በማይክሮቺፑም ላይ የአርቢው መዝገብ አብሮ ይቆይ፣ እኛ ውሻውን ስናገኘው የምንደውልለት ሰው እንዲኖር። ሃስኪ 12 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ያን ሁሉ ዘመን መልሶ ለመቀበል የማይፈርም ሰው ውሻ ባያረባ ይሻላል።

ጥያቄ አቅራቢው፦

አስገብቼዋለሁ። ውክልናው፣ በቀን አንድ ማርቢያ የሚለውና የመመለስ ግዴታው ተጨምረዋል። የካሊፎርኒያውን ዓይነት ክልከላ ግን ለብቻው እንከራከርበት። ሱቅ ላይ እስማማለሁ፣ ደህና አርቢ ላይ ግን አልስማማም። የምትቃወሙ እያንዳንዱን አንቀጽ ለይታችሁ ጻፉ።