ፋየርዎሉ 1 ጊጋ፣ ስዊቹ 10 ጊጋ፤ ሊንኩ አልነሳ አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ሊንክ ይዞኝ ቀርቷልና እባካችሁ አግዙኝ።

የፋየርዎሉ (የኔትወርኩ መከላከያ መሣሪያ) የፋይበር ፖርት ኤስኤፍፒ (የፋይበር ሞጁል የሚሰካበት ቀዳዳ) ነው፤ ከ1 ጊጋቢት አያልፍም። የስዊቹ አፕሊንኮች (ከሌላ የኔትወርክ መሣሪያ ጋር የሚያገናኙት ፖርቶች) ደግሞ በሙሉ 10 ጊጋቢት፣ ኤስኤፍፒ ፕላስ (ፈጣኑ የኤስኤፍፒ ዓይነት) ናቸው። መጀመሪያ በሁለቱም በኩል የ10 ጊጋ ሞጁል ሰካሁ። ምንም የለም። ቀዳዳው ተመሳሳይ ስለሆነ ሞጁሉ ገባ እንጂ ፖርቱ በዚያ ፍጥነት እንደማይሠራ የገባኝ በኋላ ነው። ከዚያ ሁለቱንም በ1 ጊጋ ሞጁል ቀየርኳቸው። የሁለቱም የብርሃን ሞገድ ርዝመት 850 ናኖሜትር ነው፤ ፋይበሩም መልቲሞድ (ለአጭር ርቀት የሚሆነው ዓይነት) ነው። አሁንም መብራት የለም።

ስዊቹ ውስጥ ገብቼ ሳይ ፖርቱ 10 ጊጋ ላይ እንደተቀመጠ ነው። በእጅ ወደ 1 ጊጋ ላውርደው? ካወረድኩትስ የፋየርዎሉን ኦቶ ኔጎሲዬሽን (ሁለቱ ወገኖች ሴቲንጉን ራሳቸው የሚስማሙበት) ላጥፋው ወይስ ልተወው?

ይህን የምጠይቀው ከዚህ በፊት ስለተቃጠልኩ ነው። በመዳብ ኬብል አንዱን ወገን 100 ሜጋ ፉል ዱፕሌክስ (በአንድ ጊዜ መላክም መቀበልም) ላይ ቆልፌ ሌላውን ኦቶ ላይ ተውኩት። ያኛው ሃፍ ዱፕሌክስ (በተራ መላክና መቀበል) ላይ ወደቀ። ፒንግ (ትንሹ የሙከራ መልእክት) ደህና ይሄዳል፤ ፋይል ሲላክ ግን ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል። ምክንያቱን እስካገኝ ድረስ ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው።

ለጊዜው በመዳብ 1 ጊጋ፣ ሁለቱም ኦቶ ላይ ሆነው እየሠሩ ነው። ፋይበሩ ከተነሳልኝ ሁለት ፖርት በኤልኤሲፒ (ብዙ ፖርቶችን እንደ አንድ ሊንክ በሚያሠራው ፕሮቶኮል) ማጣመር እፈልጋለሁ። አንድ ኮኔክሽን ብቻውን ከ1 ጊጋ እንደማያልፍ አውቃለሁ፤ ተጠቃሚው ብዙ ስለሆነ ግን ይጠቅመኛል። እንዲህ ዓይነት ነገር ያገናኘ ሰው የሁለቱንም ወገን ሴቲንግ ቢነግረኝ ከልብ አመሰግናለሁ።