ክርክር፦ የኢዝሊንግተን ኖርዝ ወንበር የማን ነው? የፓርቲው ወይስ የሰውየው?

ጠያቂ፦ ሰሜን ለንደን ያለው ይህ የምርጫ ክልል በፈረንጆቹ ከ1937 ጀምሮ የብሪታንያው ሌበር ፓርቲ ሲያሸንፍበት የኖረ ነው። በጁላይ 2024 ግን የቀድሞው የሌበር መሪ ጄረሚ ኮርቢን በግሉ ተወዳድሮ በ24,120 ድምፅ አሸነፈ። የሌበሩ ፕራፉል ናርጉንድ 16,873 አገኘ። ከፓርቲው የተለየ እንደራሴ ወንበሩን ለቆ ማሟያ ምርጫ ይደረግ ትላላችሁ?

የሆሎዌይ ነዋሪ፦ አዎ፣ ይደረግ! ማይክል ኦሃሎራንን አስታውሱ። በ1969 በሌበር ስም ገባ። በ1981 ትቶ ወደ አዲሱ ሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲ ሄደ፤ ወንበሩን ግን አልለቀቀም። በ1983 ያለ ሌበር ሲቀርብ ወደቀ፣ ኮርቢንም የገባው ያኔ ነው። መራጩ ከአንድ ዓመት በላይ ያልመረጠውን ፓርቲ ተሸክሞ ከረመ። ይሄ ፍትሕ ነው?

የፊንስበሪ ፓርክ እናት፦ ወንድሜ፣ ኦሃሎራን በገዛ ፈቃዱ ነው የሄደው። የተገፋውንስ ምን ልታደርገው ነው? ኮርቢን በ2020 በሌበር ውስጥ ስላለው ፀረ አይሁድ ጥላቻ የወጣውን ሪፖርት ተከትሎ በሰጠው አስተያየት ታገደ። አስተያየቱ እኔንም አላስደሰተኝም። ግን ያንተ ሕግ ቢኖር የፓርቲው አመራር በአንድ ውሳኔ የሰፈራችንን ወንበር ባዶ ያደርገው ነበር። ያኔ እንደራሴው የሚፈራው እኛን ሳይሆን አለቃውን ነው።

አንዳርጋቸው ጽጌ በ2014 ሰንዓ ላይ ተይዘው ወደ ኢትዮጵያ ሲወሰዱ፣ እንዲፈቱ ሲሟገት የነበረው የአካባቢያቸው እንደራሴ ይኸው ኮርቢን ነው። በ2018 እስኪፈቱ ብዙዎቻችን ስሙን የያዝነው በዚያ ነው እንጂ በፓርቲው አይደለም።

የ2024ቱን የድምፅ ወረቀትም አስታውሱ። ከሌበሩ ዕጩ ጎን የፓርቲው ምልክት ጽጌረዳዋ አለች። ከኮርቢን ጎን ምንም ምልክት የለም። ጽጌረዳ ፈልጎ መምረጥ የለመደ ሰው ስሙን በጣቱ እየተከተለ አንብቦ ነው የመረጠው።

የሆሎዌይ ነዋሪ፦ እታለም፣ የአመራሩን ነገር ተቀብያለሁ፤ እሱን አላሰብኩበትም ነበር። ስለዚህ ሐሳቤን ላጥበው። በፈቃዱ ፓርቲ የለወጠ ብቻ ማሟያ ምርጫ ይግጠመው፣ የተባረረ ይቆይ።

የፊንስበሪ ፓርክ እናት፦ እሱም አይሠራም። መልቀቅ የፈለገ ሁሉ እስኪያባርሩት ይረብሻላ! ከዚያ ይልቅ ከመራጩ ዐሥር በመቶው ሲፈርም እንደራሴውን የሚያወርደው የ2015ቱ ሕግ ይስፋ። አሁን የሚሠራው በእስር ለተቀጣ፣ ከምክር ቤቱ ለታገደና በወጪ ሒሳብ ዋሽቶ ለተፈረደበት እንደራሴ ነው። ፓርቲ መለወጥም ይጨመርበት፤ ፊርማው ግን የሰፈሩ ይሁን።